ጰራቅሊጦስ በባልደናይ ሐይቅ ዳር

አርብ

ለጰራቅሊጦስ ዕረፍት አርብ ከሰዓት በጀርመን አውራ ጎዳና ላይ መውጣት እብደት ነው። ሰኞም በዓል ስለሆነ አገሩ በሙሉ ሻንጣውን ጭኖ ይወጣል። እኛም ለውድድር ወደ ኤሰን ከተማ ወጣን። ከፍራንክፈርት ኤሰን 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ሊምቡርግ ሳንደርስ ቆምን። ኮሎኝ አካባቢ ደግሞ የሞተር ድምፅ እንኳ አልነበረም፤ ሰው መኪናውን አጥፍቶ ወጥቶ ይንጠራራል።

ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው ሴቶች ብቻ ነን። ከኔ በቀር ሁሉም የካኑ ፖሎ ተጫዋቾች ናቸው፤ በካያክ፣ ማለትም በትንሽ የአንድ ሰው ታንኳ ተቀምጠው ውሃ ላይ የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ ነው። እኔ ስንቅ ያዥ ነኝ። ጣሪያው ላይ ካያኮቹ በቀበቶ ተጠፍረዋል። ከኋላ መቅዘፊያ፣ የራስ ቁር፣ ደርቆ የማያውቅ የስፖርት ልብስ የታጨቀበት ቦርሳ። ድፎ ዳቦዬንና ዳቦ ቆሎዬን እግሬ ሥር አድርጌያለሁ። እዚያ ሽታ ውስጥስ አላስቀምጥም።

የጋበዘችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ፣ እሷ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። 44 ዓመቷ ነው፤ ካኑ ፖሎ የጀመረችው በ14 ዓመቷ። የጀርመን ሻምፒዮን ሆናለች፣ ለብሔራዊ ቡድን ተሰልፋለች፣ ሜዳሊያም አላት። ይህን ሁሉ ግን ከሷ አፍ አልሰማሁም። ለዓመታት አብረን ስንሠራ የማውቀው ነገር ቢኖር በበጋ ቅዳሜና እሑድ ተረኛ መሆን እንደማትወድ ነው። አንዲት አዛውንት ታካሚያችን ናቸው አንድ ቀን ጠጋ ብለው፣ “ይቺ ልጅ እኮ ድሮ ጋዜጣ ላይ ትወጣ ነበር” ያሉኝ።

“ለምን አልነገርሽኝም?” ብላት፣ “መች ጠየቅሽኝ?” አለች።

መንገዱ እንደተዘጋ ጨዋታውን ያስረዱኝ ጀመር። የምሳ ዕቃዬን ክዳን ገልብጠው ሜዳ አደረጉት፤ ዳቦ ቆሎው ተጫዋች ሆነ። ከያንዳንዱ ቡድን ውሃው ላይ አምስት ሰው። ተቀያሪ ሲጨመር ስምንት። ሜዳው 35 ሜትር በ23 ሜትር፣ እሱም ውሃ ነው። ግቡ ከውሃው ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ መረብ ነው፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ አንድ ሜትር። ጨዋታው ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ። ኳሷን ከአምስት ሰከንድ በላይ ታቅፎ መቀመጥ የለም። ቡድኑም በ60 ሰከንድ ውስጥ ግብ መሞከር አለበት። ኳሷን በእጅ መወርወር ይቻላል፣ በመቅዘፊያ መምታትም ይቻላል።

“ኳስ የያዘችውን ልጅ ደግሞ ትከሻዋን ገፍተሽ ውሃ ውስጥ መገልበጥ ትችያለሽ” አለች አንዷ።

“ይፈቀዳል?”

“በተከፈተ እጅ ከሆነ አዎ።”

ከዚያ ግብ ጠባቂውን አንስታ ቆረጠመችው። እስክንደርስ ከሁለቱ ቡድን የቀረ ተጫዋች አልነበረም።

ኤሰን የገባነው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ነው፣ በኛ አቆጣጠር። በጋ ስለሆነ ገና ብርሃን ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ሜዳ በድንኳን ተሞልቷል። ደች፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣልያንኛ ይሰማል። በየመኪናው ጣሪያ ላይ ካያክ፣ በየዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ፎጣ። ይህ በየዓመቱ በጰራቅሊጦስ ሰሞን እዚህ የሚደረገው የዶይችላንድ ካፕ ነው። ለካኑ ፖሎ ሰዎች ከታላላቅ ቀጠሮዎቻቸው አንዱ ነው። ከነሱ ውጭ ግን ከተማው ራሱ የሚያውቀው አልመሰለኝም።

ቅዳሜ

ሌሊቱን ድንኳን ውስጥ ብርድ ገርፎኝ በማለዳ ነቃሁ። ቡና ላፍላ ብዬ ወጣሁ። ሐይቁን ያኔ ነው በደንብ ያየሁት።

ባልደናይ የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። የሩር ወንዝ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተገድቦ ነው የተፈጠረው፤ ርዝመቱ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ኤሰን የከሰልና የብረት ከተማ ነበረች። ሩርም የፋብሪካውን ሁሉ ጉድፍ ተሸክሞ ይወርድ ስለነበር በ1971 መዋኘት ተከለከለ። ክልከላው ሐይቁ ላይ በተወሰነ ቦታ የተነሳው በ2017 ነው። የባልደረባዬ ትውልድ እንግዲህ መዋኘት በተከለከለበት ውሃ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ሲገለበጥ ነው ያደገው። ይህን ስላት ሳቀች፤ “ለዚህ ነው ጉንፋን የማይዘኝ” አለች።

ከዛፎቹ በላይ ቪላ ሁግል ይታያል። የብረት ከበርቴው አልፍሬድ ክሩፕ ከ1870 እስከ 1873 ያሠራው ነው፤ 269 ክፍል አለው። እዛች ኮረብታ ላይ ነገሥታት በክብር ይስተናገዱ ነበር። ከታች እኛ ለአንድ ሽንት ቤት ሰልፍ ይዘናል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ባልደረባዬ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ትጠቀልላለች። ነጩን ፕላስተር በጥርሷ ትቆርጣለች። መጀመሪያ የግራ አውራ ጣት፤ ከዓመታት በፊት ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመ ነው፤ ሁለት ዙር ይሻዋል። ከዚያ ሌባ ጣትና መሃል ጣት አንድ ላይ። ጣቷን አጥፋ ትዘረጋለች፣ ካልተመቻት ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። አጠገቧ ያለችው የ19 ዓመት ልጅ ምንም ሳትጠቀልል እየዘለለች ታሟሙቃለች። የ44 ዓመቷ አትዘልም። ትከሻዋን በላስቲክ ገመድ ቀስ አድርጋ ታሽከረክራለች። እኛ ሥራ ቦታ አዛውንቶቹን የምታሠራው ያንኑ እንቅስቃሴ ነው፤ ገመዱም ቢሆን ያው ቢጫው ገመድ።

ካያኳን ብቻዬን አነሳኋት። ሦስት ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ክብደቷ ከአንድ ሕፃን ልጅ አይበልጥም። አፍንጫዋና ጅራቷ ላይ ግጭት የሚያበርድ ለስላሳ ነገር ተለጥፏል። ከካርቦን የተሠራች ናት፤ ዋጋዋ ከሺህ ዩሮ በላይ ነው። የከፈለችው ራሷ ናት። የራስ ቁሩ ፊቱ ላይ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ደረቷንና ጎኗን የሚከላከል ወፍራም ሰደርያም ትለብሳለች።

ፊሽካ ሲነፋ የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች በየግብ መስመራቸው ተደርድረዋል። ዳኛው ኳሷን መሃል ላይ ይወረውራል። ከየቡድኑ አንድ አንድ ተጫዋች ወደሷ ይተኮሳል። የካያኮቹ ግጭት ሌላ ነው። ቲቪ ላይ አይሰማም፤ ዳር ላይ ቆሞ ነው መስማት። ቀንበር ከቀንበር እንደሚጋጭ ቋ! ይላል። እኔ ደንግጬ ወደ ኋላ አልኩ፤ ጎኔ የቆሙት ሆላንዳዊ አባት ግን ሳንድዊቻቸውን መብላት አላቋረጡም።

ባልደረባዬ በመከላከል ጊዜ ግብ ጠባቂ ናት። ግቡ ሥር ትቀመጥና መቅዘፊያዋን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ ትይዛለች፤ በዚያ ቀጭን ነገር ነው የተወረወረን ኳስ የምትመልሰው። አፏ አያርፍም። “ግራ! ዝጊ! አትከተያት፣ ተይያት!” ልጆቹ ሁለት እጥፍ ይቀዝፋሉ። እሷ ግማሽ ሜትር ነው የምትንቀሳቀሰው፣ ግን ኳሷ የምትመጣው እሷ ወዳለችበት ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማራት ይህን ይመስለኛል፦ የት እንደማትሄድ ማወቅ።

ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ኳስ ይዛ ወደ ፊት ወጣች። አንዲት ወጣት ተጋጣሚ ከጎን መጥታ ትከሻዋን ገፋቻት። ተገለበጠች። ውሃው ላይ የካያኳ ሆድ ብቻ ቀረ። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ወገቧ ላይ ያለው መሸፈኛ ከካያኳ ጋር አያይዟታል፤ ውሃ ውስጥ ጭንቅላቷ ወደ ታች ነው። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልሮጠም፣ ጨዋታው ቀጥሏል። መቅዘፊያዋ ብቅ አለ፣ ወገቧን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አደረገችና ተመልሳ ቀና አለች። ውሃው በፍርግርጉ ይንጠባጠባል። ለጉድ ነው እንጂ ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ጣና ላይ የሚቀዝፉ ሰዎችን እያየሁ አድጌ፣ ከታንኳ ጋር ተገልብጦ ከነታንኳው የሚነሳ ሰው ያየሁት ኤሰን ነው።

በቀኑ ሦስት ጨዋታ ነበራቸው። ሁለቱን አሸነፉ። በጨዋታዎቹ መሃል ደግሞ ራሳቸው ተጫዋቾቹ የሌሎችን ጨዋታ ይዳኛሉ፤ ፊሽካ ይዘው ሜዳው ጠርዝ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ፌስታል ሙሉ ቆሻሻ የሚለቅመውን ጎረምሳ አይቼ ሠራተኛ መስሎኝ ነበር። ከሰዓት ላይ አራት ግብ ሲያገባ አየሁት።

እሑድ

በ2025 የኛና የነሱ ትንሣኤ በአንድ ቀን ስለዋለ ጰራቅሊጦስም ገጥሟል። በማለዳ ተነስቼ በባቡር ኮሎኝ ወረድኩ፤ ቅዳሴ ደረስኩ። ነጠላዬ ላይ የጭስ ሽታ እንዳለ አጠገቤ የቆሙ እናት ነገሩኝ። ድንኳን ውስጥ እንዳደርኩ ስነግራቸው፣ “በደህናሽ ነው?” አሉ። ካኑ ፖሎን ለማስረዳት ሞከርኩና ተውኩት።

ከሰዓት ስመለስ የቡድኑ ጨዋታዎች አልቀው ነበር፤ አንድ አሸንፈው አንድ ተሸንፈዋል። ለሰኞ አልፈዋል። በማግስቱ የሰኔ ጾም ይገባል፤ ስለዚህ የክለብ እናቶች ጋግረው ከሚሸጡት የክሬም ኬክ ሁለት ቁራጭ በላሁ። የጾም ዋዜማ ነው፣ ሰው ይረዳኛል።

ማታ ነው ዋናው ወሬ የመጣው። ከድንኳኑ ፊት ተጣጣፊ ወንበር ዘርግተን ተቀመጥን። ባልደረባዬ የግራ እግሯን በረዶ ባልዲ ውስጥ ከታለች። ዳቦ ቆሎው ከቡድን ወደ ቡድን እየዞረ ነው፤ አንድ ጣልያናዊ ሦስተኛ ጊዜ መጣ።

እሷ ስትጀምር ጊዜው 1995 ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሼፊልድ ላይ የተካሄደው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ትናንሾቹ ካያኮች የመጡት ከእንግሊዝ ነው፤ እዚያ በ1970ዎቹ ለመዋኛ ገንዳ ተብለው አጠር ተደርገው ተሠሩ፣ ልጆች መቅዘፍ ይለማመዱባቸው ነበር። ገንዳ ውስጥ ኳስ ሲጨመር ነገሩ ተቀጣጠለ። ጀርመኖችም ቀደም ብለው በታንኳ ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ የአሁኑ ፈጣን ጨዋታ ግን ከገንዳው ነው የወጣው።

በ2002 የዓለም ሻምፒዮናው እዚሁ ባልደናይ ላይ መጣ። እሷ 21 ዓመቷ ነበር፤ ተመልካች ሆና ዳር ቆመች። “እዚያ ጋ” አለች በመቅዘፊያ እየጠቆመች፤ “እያየሁ አለቀስኩ። ከቅናት።” በ2005 የዓለም ጨዋታዎች የሚባለው ውድድር ዱይስቡርግ ላይ ሲደረግ ካኑ ፖሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። ኦሎምፒክ ውስጥ የሌሉ ስፖርቶች የሚገናኙበት ነው፤ በ2025ም ነሐሴ ላይ ቻይና፣ ቼንግዱ ላይ ተካሂዷል። ለዱይስቡርጉ ለመመረጥ ጫፍ ደርሳ ቀረች። ብሔራዊ ቡድን የገባችው ከዚያ በኋላ ነው።

“ስንት ያገኛል አንድ ተጫዋች?” አልኳት። እኛ አገር ሯጭ ሲያሸንፍ የምናውቀው ቤት፣ መኪና፣ ሆቴል ነው።

“ያገኛል?” አለች። “ያወጣል በይ እንጂ።”

ቆጠረችልኝ። የዓመት ፈቃዷ ሙሉ በሙሉ ለውድድር ነው የሚውለው። ነዳጅ፣ ካያክ፣ መቅዘፊያ፣ የክለብ መዋጮ ከኪሷ። ብሔራዊ ቡድን እያለች እንኳ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ በማግስቱ ለልምምድ አራት ሰዓት ትነዳ ነበር። ልጇን ከወለደች በኋላ አንድ ዓመት አቆመች። ከዚያ ልጁን ጋሪ ውስጥ ሐይቁ ዳር እያስተኛች ተመለሰች፤ ተቀያሪ ሆና የወጣች ሁሉ ጋሪውን ትገፋ ነበር። ትከሻዋ አንድ ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል።

ሜዳሊያዎቹ የት እንዳሉ ጠየቅኳት። ምድር ቤት፣ መቅዘፊያዎቹ በሚንጠለጠሉበት ሚስማር ላይ። አንደኛው ክሩ ስለተበጠሰ ብሎን የሚቀመጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ገብቷል።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህን ሁሉ ዘመን ያቆያት አለመከፈሉ ነው። የሚከፈለው ሯጭ ደመወዙ ሲቋረጥ ያቆማል፤ ማናጀሩም አይፈልገውም። እሷን ማን ያባርራታል? ከብሔራዊ ቡድን ስትወጣ ወደ ክለቧ ተመለሰች፣ ከአንደኛ ቡድን ስትወርድ ከሁለተኛው ጋር ተጫወተች። ታች ስትወርድም ያው ውሃ፣ ያው ኳስ ነው። አሁን አብረዋት የሚጫወቱት ልጆች ግማሾቹ እሷ ስትጀምር አልተወለዱም። አንደኛዋን ደግሞ እናቷን ታውቃታለች፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተጋጣሚዋ ነበረች። “እናቷም እንደዚሁ ከግራ ነበር የምትመጣው” አለችኝ።

ሰኞ

ጾም ገባ። ጠዋት ጥቁር ቡና ብቻ። ምሳ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ከሪቩርስት ይዟል። የሩር ሰዎች ይህን በካሪ ስጎ የሚበላ ቋሊማ እንደኛ ክትፎ ነው የሚያከብሩት። የአሳማ ስለሆነ ድሮም አይሆነኝም። ድንች ጥብስ አዘዝኩ፤ “ማዮኔዝ?” አለኝ። “የለም።” እንደታመመ ሰው አየኝ።

የቡድኑ ጨዋታ ለሦስተኛ ደረጃ ነበር፤ ተጋጣሚ የደች ልጆች፣ ረጃጅሞች። ከዕረፍት በፊት ሁለት ለሁለት። ከዕረፍት መልስ አንዷ ልጃችን ቢጫ ካርድ አየች፤ ለሁለት ደቂቃ ወጣች። አራት ሆነው ሲከላከሉ ባልደረባዬ ግቡ ሥር ሆና መቅዘፊያዋን ከፍ አድርጋ አንድ፣ ሁለት መለሰች። ሦስተኛው አለፋት። ሰውነት ታዘዘ እንጂ ክንድ ዘገየ፤ እኔም አየሁት፣ እሷም ታውቀዋለች። ቆየት ብሎ ግን ኳሷን አንስታ፣ ማንንም ሳታይ፣ በአንድ እጇ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ወረወረች። የ19 ዓመቷ ልጅ ቀድማ ተነስታ ነበር። ገባ። ሦስት ለሦስት! ጮኼ ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ እልል ስል ደግሞ የደች ደጋፊዎች ዞረው አዩኝ።

ሊያልቅ ሃያ ሰከንድ ሲቀር ደቾቹ አገቡ። አራት ለሦስት። አራተኛ ወጡ።

ውሃው ላይ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ ካያክ ጎን ለጎን አስጠግተው። ያቺ ቅዳሜ የገለበጠቻት ልጅ ዳር ላይ ጠብቃ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ አብረው ፎቶ ተነሱ።

ድንኳን መንቀል፣ ካያክ መጫን፣ ቀበቶ ማጥበቅ። ከሽልማቱ በፊት ተነሱ፤ ባልደረባዬ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት የመጀመሪያ ታካሚዋ አለ። እኔ ፈቃድ ስለወሰድኩ ኤሰን ርካሽ ሆቴል አደርኩ። አልጋ ምን ያህል ጥሩ ነገር እንደሆነ ሁሉም ሰው በዓመት አንዴ ድንኳን ውስጥ ቢያድር ያውቀዋል።

ማክሰኞ

ከኤሰን ዱይስቡርግ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ከጣቢያው ወደ ደቡብ፣ ከኳስ ስታዲየሙ ጀርባ፣ ቬዳው የሚባል የስፖርት መናፈሻ አለ። ሁለት ሺህ ሜትር ቀጥ ያለ ውሃ፣ በጎኑ የተመልካች መቀመጫ። ባዶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ብስክሌታቸውን እየገፉ ያልፋሉ።

የመጣሁት በ2005 ካኑ ፖሎ የዓለም ጨዋታዎችን የተቀላቀለው በዚህ ከተማ ስለሆነ ነው። ግን እዚህ ቆሜ ያሰብኩት ሌላ ሴት ነው፤ ቢርጊት ፊሸርን። እሷ ቀጥ ባለ መስመር የምትወዳደር ቀዛፊ ነበረች። በ1979፣ በ17 ዓመቷ፣ ለምሥራቅ ጀርመን በአራት ሰው ካያክ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው በዚህ ውሃ ላይ ነው። በ1995፣ አገሯ ተዋህዳ፣ እሷ የሁለት ልጆች እናት ሆና፣ እዚሁ በዚያው በአራት ሰው ካያክ እንደገና አሸነፈች።

የሷን ዘመን በኛ ሯጮች ብለካው ይገባኛል። ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በሁለት ርቀት ወርቅ ባጠለቀበት የ1980 ኦሎምፒክ፣ እሷ በ18 ዓመቷ የመጀመሪያዋን ወሰደች። በ1984 የኛም የነሱም አገር ሎስ አንጀለስ አልሄደም። ሴኡል፣ ባርሴሎና፣ አትላንታ፣ ሲድኒ፤ በሁሉም ወርቅ። ከሲድኒ በኋላ አቆመች፣ ከዚያ ተመለሰች። በ2004 አቴንስ ላይ ቀነኒሳ አሥር ሺህ ሲያሸንፍ፣ እሷ በ42 ዓመቷ አሁንም ወርቅ አገኘች። በድምሩ ስምንት ወርቅና አራት ብር።

መቀመጫው ላይ ሆኜ ለባልደረባዬ ደወልኩ፤ የምሳ ሰዓቷ ነበር። እግሯ አብጦ በነጠላ ጫማ ነው የገባችው፤ አንዱ ሽማግሌ ታካሚ “ዛሬ ማን ነው ማንን የሚያክመው?” ብለዋታል። የት እንዳለሁ ነገርኳት፣ የፊሸርንም ነገር አነሳሁ። በ42 ዓመቷ! አንቺ ደግሞ በ44!

“ፊሸር ትልቅ ናት” አለች። “ግን ወደ ፊት ብቻ ነው የቀዘፈችው። ማን ገፍቶ ገለበጣት?”

ከዚያ ወዲያው ወሬዋን ለወጠች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ተረኛ ናት፣ በርሊን ጨዋታ አለ፣ ፈረቃ እቀይርላት እንደሆን ጠየቀችኝ። እቀይርልሻለሁ አልኳት፤ በምትኩ የገና ሌሊቴን ትወስዳለች። የኛን ገና፣ የጥሩን። ተስማማች።